ዝም የምንልባት መስመር

መጀመሪያ የገባሁት ለጸሎት አይደለም። ለሙቀት ነው።

የሌሊት ተረኛ ነኝ። ለንደን ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። እሁድ ከሥራ የምወጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። የኛ ቅዳሴ የሚገባው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ። ቤቴ ሩቅ ነው። ሄጄ ትንሽ ልረፍ ብል እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል፤ ማን ይቀሰቅሰኛል? ምንጣፉን የማነጥፈው፣ መጋረጃውን ከጓዳ አውጥቼ ለዲያቆናቱ የማቀብለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እሄድና ደጁ ላይ ቁጭ እላለሁ። በጥር ብርድ ደጅ መቀመጥ ምን እንደሆነ ለንደን የኖረ ያውቀዋል።

አንድ እሁድ ፀጉራቸው ነጭ የሆነ አንዲት ሴትዮ በሩን ሊከፍቱ መጥተው አዩኝ። «ውስጥ ማሞቂያው በርቷል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ተከትዬ ገባሁ።

ሕንፃው የኛ አይደለም። እንግሊዝ አገር ያሉ ብዙ የኛ ምእመናን እንደሚያደርጉት እኛም ከአንግሊካኖች፣ ከእንግሊዝ አገር ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ተከራይተን ነው የምንገለገልበት። እነሱ በሁለት ሰዓትና በአራት ሰዓት፣ እኛ በስድስት። ለዓመታት እነሱ ሲወጡ እኛ ስንገባ በር ላይ ፈገግ ተባብለን እንተላለፍ ነበር። ስለነሱ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሚስቱን ለመፍታት ብሎ ከሮም የተጣላ ንጉሥ ያመጣው ሃይማኖት ነው ሲባል የሰማሁት። እሱም ግማሹ ብቻ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

የሁለት ሰዓቱ ጸሎት ላይ ሰባት ሰዎች ነበሩ። የተኳረፉ ይመስል ሰፊው አዳራሽ ውስጥ ተበታትነው ተቀምጠዋል። መዝሙር የለም። ኦርጋኑ ተዘግቷል። ሁሉም ትንሽ መጽሐፍ ይዟል፤ ግን የሚያየው የለም፣ በቃላቸው ነው የሚሉት። ከጎን በር ቄሱ ወጡ። ቄሱ ሴት ናቸው።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቄሷ ሴት ናቸው» አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ቅዳሴያቸው ላይ ነበርሽ እንዴ?»

«ኧረ ቁጭ ብዬ ነው። ልሞቅ ነው የገባሁት።»

«እንግዲያው ሙቂና ውጪ» አለችኝ።

ሞቄ አልወጣሁም። በሚቀጥለው እሁድም ሄድኩ። የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ ሸሽጌ አይደለም። ትንሽ አሰቡና «መስማት ሌላ፣ መቁረብ ሌላ» አሉኝ። እኔም በዚያው ልክ ቆሜያለሁ።

ስለ ሴት ቄስ ከተነሣ አይቀር፣ ለነሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ 32 ሴቶች ብሪስቶል ካቴድራል ውስጥ ቅስና የተቀበሉት በ1994 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)፤ ትናንት ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ የተሾሙት በ2015። ዛሬም ሴት ቄስ አንቀበልም የሚሉ አጥቢያዎች አሉ፤ ለነሱ ሌላ ጳጳስ ይመደብላቸዋል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አይባረሩም። በ2025 ደግሞ ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው ትልቁ ሹመት፣ ሳራ ማላሊ ተሰየሙ። እኚህ ሴት ከቅስና በፊት ነርስ ነበሩ፤ የእንግሊዝ የነርሶች ዋና ኃላፊ እስከመሆን የደረሱ። ይህን የሰማሁ ቀን ሥራ ቦታ አንሶላ እያጠፍኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ሐሳቤ ተቀይሯል ማለቴ አይደለም። ሴት መሠዊያ ፊት ቆማ ሳይ አሁንም ውስጤን የሆነ ነገር ይቆረቁረኛል። ግን የኛዋ ቄስ (የነሱ ማለቴ ነው) ከጸሎት በኋላ በር ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ሰው እጅ ሲጨብጡ፣ የማንን ጉልበት ማን ቀዶ እንዳከመው፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ያውቃሉ። መቆርቆሩም አለ፣ ይህም አለ። ሁለቱን አብሬ ተሸክሜ ነው የምወጣው።

ቋንቋውን ልንገራችሁ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ከሮም ተለይቶ ራሱን የቤተ ክርስቲያን የበላይ ቢያደርግም ቅዳሴውን አልነካም። እስኪሞት ድረስ በላቲን ነበር የሚቀደሰው። ነገሩን የለወጠው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር ነው። በ1549 ጸሎቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ አድርጎ በአንድ መጽሐፍ አወጣው። ገበሬውም «አሜን» የሚልበትን ነገር ይስማው ነው ነገሩ። የካቶሊኳ ንግሥት ሜሪ ስትነግሥ ክራንመር በ1556 ኦክስፎርድ ላይ በእሳት ተቃጠለ። ቀደም ሲል ፈርቶ እምነቱን የካደበትን ወረቀት ፈርሞ ነበር። እሳቱ ሲነድ ያንን የፈረመ ቀኝ እጁን አስቀድሞ እሳት ውስጥ ከተተው።

ታዲያ ያን መጽሐፍ ሁሉም እልል ብሎ አልተቀበለውም። በዚያው በ1549 ዴቨንና ኮርንዎል በሚባሉት የደቡብ ምዕራብ አገሮች ሕዝብ ተነሣ። ኮርንዎሎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የማይሰሙ አሉ ብለው አቤት አሉ። በገዛ ቋንቋችሁ ጸልዩ የተባለው ነገር ለነሱ የሰው ቋንቋ ሆነባቸው። አመፁ በጦር ተደመሰሰ፤ ሺዎች አለቁ። ቋንቋቸውም እየከሰመ ሄደ። ይህን ሳነብ ስለ ማንና ስለ ማን እንዳሰብኩ አልነግራችሁም። የአገሬ ልጆች ናችሁ፣ ይገባችኋል።

የሚገርመው ሌላው ነው። በሁለት ሰዓቱ ጸሎት የሚይዙት መጽሐፍ ያ የክራንመር መጽሐፍ ተሻሽሎ በ1662 የወጣው ነው። ሰው ሁሉ እንዲገባው ተብሎ የተጻፈው እንግሊዝኛ ዛሬ መንገድ ላይ የሚናገረው የለም። እግዚአብሔርን «አንተ» የሚሉበት ቃል ራሱ ከጸሎትና ከድሮ ግጥም ውጭ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የአራት ሰዓቱ ጸሎት በዘመኑ ቋንቋ ነው፤ በ2000 በወጣው አዲስ ሥርዓት። ሽማግሌዎቹ ግን በብርድ ተነሥተው ለሁለት ሰዓቱ ይመጣሉ። አንዷን ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «አዲሱ ጥሩ ነው፤ ግን ጋዜጣ ይመስለኛል» አሉኝ። እኔም እንግሊዝኛውን ግማሽ በግማሽ እየሰማሁ፣ ግማሹን በዜማው እያለፍኩ ሳዳምጥ፣ የት እንዳለሁ ገባኝ። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ነጠላ ሥር ቆሜ ግዕዝ የሰማሁት እንዲህ ነበር። የእንግሊዞች ግዕዝ ላይ ደርሼ ኖሯል!

መጀመሪያ ላይ አንድ ጸሎት አለች። ልብ ሁሉ የተገለጠልህ፣ ምኞት ሁሉ የታወቀህ፣ ምንም ምስጢር የማይሰወርህ ብላ ትጀምራለች። ከሌሊት ሥራ ለወጣ ሰው ይቺ ከቡና ትበልጣለች። ሌሊት ያጠብኳት ሴትዮ ስታለቅስ ቶሎ ቶሎ ብዬ የወጣሁትን እሱ ያውቃል። ልቤ ቀጥ ይላል።

ከዚያ ኑዛዜው። እኔ ኑዛዜ የማውቀው ከነፍስ አባት ጋር ለብቻ ነው፤ ቀኖና ይሰጣል፣ ይሰገዳል። እነሱ ግን ሁሉም ተንበርክከው አንድ ላይ ይናዘዛሉ፤ በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ የበደልነው ትዝታው ያስጨንቀናል፣ ሸክሙም አይቻልም እያሉ። ከዚያ ቄሷ ቆመው የይቅርታውን ቃል ይናገራሉ። አለቀ። በመጀመሪያ «ይሄማ በጣም ርካሽ ነው» አልኩ። ማንም የራሱን ስም አልጠራ፣ ማንም አላፈረ። ለብቻ መናዘዝ አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ አንድ የቆየ አባባላቸውን ነገሩኝ፦ ሁሉም ይችላል፣ አንዳንዱ ይገባዋል፣ ማንም አይገደድም። ይቺን አባባል ሳላምጣት ሰነበትኩ። እውነቱን ለመናገር አሁንም አልዋጥኳትም። ሰው ካልተገደደ እንደማይሄድ ከራሴ አውቃለሁ።

ማሞቂያው ያለው ከፊት በግራ በኩል ነው። ስለዚህ ሳልፈልግ ከፊት ተቀማጭ ሆኛለሁ። ከዚያ ሆኜ ቁርባናቸውን አያለሁ።

መሠዊያው ፊት ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር አለ። ሰዎቹ እዚያ ይንበረከካሉ። የሚንበረከኩባቸው ትራሶች በእጅ የተጠለፉ ናቸው፤ አንዱ ላይ ዓሣ፣ አንዱ ላይ የስንዴ ዛላ፣ አንዱ ላይ አውሮፕላን አለ። (የአውሮፕላኑን ምስጢር እስካሁን አልደረስኩበትም።) ቄሷ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ነጭ ክብ ኅብስት ያኖራሉ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ እርሾ የሌለው። ከኋላቸው በር የከፈቱልኝ ሴትዮ ጽዋውን ይዘው ይከተላሉ። ቄስ አይደሉም፣ ዲያቆንም አይደሉም፤ ተፈቅዶላቸው ነው። አንዱ ጠጥቶ ሲያበቃ የጽዋውን ከንፈር በነጭ ጨርቅ ይጠርጋሉ። ከዚያ ጽዋውን በጣታቸው ትንሽ ያዞሩታል፣ የሚቀጥለው ሰው ያልተነካ ቦታ እንዲያገኝ። ጠረግ፣ ዞር። ጠረግ፣ ዞር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል እንጂ ጠብታ አይፈስም። ላንድ አሮጊት ደግሞ አገጫቸውን ደገፍ አድርገው ነው ያጠጧቸው። እኔ ሌሊቱን ለስንት ሰው ውኃ ያጠጣሁት እንዲሁ ነበር።

በኮሮና ጊዜ ይህ ጽዋ ተነሥቶ እንደነበር ሰማሁ። ሕዝቡ ለወራት ኅብስቱን ብቻ ተቀበለ። ሲመለስ አልቅሰው የጠጡ አሉ አሉ። ሲያበቃ የተረፈውን ቄሷ እዚያው ይጠጡታል፤ ጽዋውን በውኃ አለቅልቀው ውኃውንም ይጠጡታል። ይህን ሳይ ደነገጥኩ። እንዲህ የሚጠነቀቁለት ምን ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው?

ጠየቅሁ። እዚህ ላይ ነው የተቸገርኩት። ከጸሎት በኋላ ሻይ ሲጠጣ ሦስት ሰው ጠይቄ አራት መልስ አገኘሁ። አንዷ እውነተኛ ሥጋውና ደሙ ነው አሉ። አንዱ መታሰቢያ ነው አለ። ሦስተኛዋ «ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል፣ እኔ እቀበላለሁ» ብለው ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነከሩ፤ ቀጥለው ደግሞ የመጀመሪያውን መልስ ደገሙ። የተጻፈ እምነት ጠፍቶ አይደለም። ከ1571 ጀምሮ ሠላሳ ዘጠኝ አንቀጾች አሏቸው። ኅብስቱና ወይኑ በባሕርያቸው ተለወጡ የሚለውን የሮም ትምህርት አይቀበሉም፤ ሥጋው ግን በሰማያዊና በመንፈሳዊ መንገድ ይበላል ይላሉ። ከወንጌል የወጡ ምስጢራት ሁለት ናቸው ይላሉ፣ ጥምቀትና ቁርባን፤ እኛ ሰባት ነው የምንቆጥረው። ቅዱሳንን አማልዱን ማለትም የለም። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ አለ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ግን ማንም ይዞት አይመጣም። አጥቢያውም ካጥቢያ ይለያል፤ አንዱ ዘንድ ዕጣን ይታጠናል፣ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ሻማ ይበራል፤ ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ ያለው ዘንድ ጊታርና ከበሮ ነው። ሁለቱም አንግሊካን ናቸው። ንግሥታቸው ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የሰው ነፍስ ውስጥ መስኮት ልክፈት አልልም ብላለች ይባላል። የአገሩ ጠባይ ከዚያ ይሆን?

ስለ እመቤታችን ካነሣሁ አይቀር። በወር አንድ እሁድ ማታ ጸሎት አላቸው። አንድ ታኅሣሥ እናቴ ታማ ነበርና ቤት መቀመጥ አቃተኝ፤ ሄድኩ። መብራቱ ደብዝዟል። አሥር የማይሞሉ መዘምራን ተነሥተው በቀስታ ጀመሩ። ሁለት መስመር ሳይሄዱ ነቃሁ። «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር፣ ወትትሐሠይ መንፈስየ በአምላኪየ ወመድኃኒየ» ነው። እሷው ናት! እመቤታችን ከኤልሳቤጥ ደጅ የዘመረችው። ከክራንመር ጀምሮ የማታ ጸሎታቸው ውስጥ አለች። እንግዲህ አስቡት፦ አማልጂን አይሏትም፣ በስሟ ጠበል የለም፣ ኪዳነ ምሕረት የለም፤ ግን በማታ ጸሎታቸው አፋቸውን በሷ ቃል ነው የሚከፍቱት። እናቴ ይህን ስነግራት «ካወቋትማ ምናለ ቢለምኗት» አለች። መልስ አልነበረኝም። እኔ ግን በዚያ ማታ ለራሴ ለመንኳት፤ በግዕዝ፣ በልቤ፣ ከነሱ ዜማ ሥር።

የአራት ሰዓቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ሕፃናት አሉ፣ ኦርጋን አለ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የመዝሙሮቹ ቁጥር ይሰካል፣ ስብከቱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። መሐል ላይ ሰላምታ አለ። የኛ ዲያቆን «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እጅ እንደምንነሣሣው፣ እነሱ ተነሥተው እየዞሩ ይጨባበጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ በአሳንሰር ውስጥ ዓይን ለዓይን የማይተያይ ሕዝብ ድንገት እጅ ለእጅ! የሁለት ሰዓቶቹ ይህን አይወዱም፤ አዲስ ነገር ነው ይሉታል። ጾማቸውን ደግሞ ባልናገር ይሻለኛል። በዐቢይ ጾም «ምን ተውሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ፣ ለሃምሳ አምስት ቀን ብዬ ስዘረዝር ጠያቂዋ ዓይናቸው ፈጠጠ። «እኔ ቸኮሌት ነው የተውኩት» አሉ ቀስ ብለው። ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

አጥቢያ የሚለው ቃል ግን ከኛ ይልቅ እነሱ ዘንድ ጠንክሮ ነው ያገኘሁት። እንግሊዝ ውስጥ እያንዳንዷ ጎዳና በአንዱ አጥቢያ ውስጥ ናት። በዚያ ወሰን ውስጥ የሚኖር ሰው አማኝ ሆነም አልሆነም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የመጋባት መብት አለው። ቄሷ ሙስሊም ጎረቤት ሲታመም ይጠይቃሉ፤ ቤቱ ካጥቢያቸው ነውና። ጓዳው ውስጥ ትልቅ መዝገብ አለ። በየጸሎቱ ማን እንደመራ፣ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስንት እንደቆረበ በእጅ ይጻፋል። አንድ ቀን መጋረጃችንን ሳወጣ ገልጦ አየሁት። «ሁለት ሰዓት፦ 8 ሰው፣ 7 ቆራቢ» ይላል። ስምንተኛዋ እኔ ነኝ። ለካ እየቆጠሩኝ ኖሯል።

በመካከላችን ሁሌ ፍቅር ነው ብዬ እንዳልዋሽ፣ የዕጣኑን ነገር ላንሣ። የኛ ዕጣን መቼም ታውቁታላችሁ። አንድ የበዓል ቀን የጭስ ጠቋሚው ጮኸ። ቅዳሴው መሐል ላይ። የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ደረሰ፤ የብረት ቆብ የደፉ ሁለት ግዙፍ ሰዎች በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሲያዩ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። አባ ማጠንቱን አላቋረጡም። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፦ ኢንሹራንስ፣ ደንብ፣ ሌላ ጊዜ ቢደገም ወዘተ። ከሁለቱም በኩል የተኮሳተረ ነበር። የኛ ሰዎች «ዕጣን ካልተፈቀደ ምኑን ቤተ ክርስቲያን ሆነ» አሉ። የነሱ ሰበካ ጉባኤ (አላቸው፣ ልክ እንደኛው ይነታረካል) ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። መጨረሻ ላይ ጽዋ የሚይዙት ሴትዮ መፍትሔ አገኙ፦ እሳቸው ቀድመው መጥተው ላይኛውን መስኮት በረጅም ዘንግ ይከፍታሉ። ዛሬም ይከፍታሉ። በክረምት ብርዱ ይገባል፤ ማንም አያማርርም። ማለቴ፣ ጮክ ብሎ አያማርርም።

ከእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ያለን ነገር ደግሞ በኪራይ የተጀመረ አይደለም። መቅደላ አለች። ከዚያ በ1868 ከተወሰዱት ታቦታት አንዱ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ፣ ቅዱስ ዮሐንስ በሚባለው የአንግሊካን ወገን ቤተ ክርስቲያን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ በ2001 ተገኘ። ያገኙት ቄስ ምን እንደሆነ ዐወቁ፤ በ2002 ለአገሩ በቃ፣ አዲስ አበባም በእልልታ ተቀበለችው። እዚህ ለንደን፣ ዌስትሚንስተር አቢ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ውስጥ ያለው ታቦት ግን ገና ነው። በ2024 በመርህ ደረጃ ለመመለስ መስማማታቸውን ተናግረዋል። ይህን ስለማውቅ አንዳንድ እሁድ ሻይ ሲያቀርቡልኝ ልቤ ሁለት ይሆናል። ጽዋ የሚይዙትን ሴትዮ አንድ ቀን ነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝ። «ቁም ሳጥን ውስጥ?» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በሳምንቱ የኛን መጋረጃ የምናስቀምጥበት ጓዳ ተጠርጎ፣ መደርደሪያው ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ አገኘሁት።

አሁን ወደ መስመሯ ልምጣ።

በሁለት ሰዓቱ ጸሎት ወንጌል ከተነበበ በኋላ ሁሉም ተነሥቶ ጸሎተ ሃይማኖት ይላል። የኒቅያው ነው፣ የኛው። በአሮጌው መጽሐፍ «አምናለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ በአዲሱ እንደኛ «እናምናለን» ነው። በቃሌ ስለማውቀው እንግሊዝኛው ባይመጣልኝም አብሬ እላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን እቆማለሁ። እኛ መንፈስ ቅዱስ «ከአብ የሠረፀ» ነው የምንለው። እነሱ «ከአብና ከወልድ» ይላሉ። ምዕራቦች በኋላ የጨመሯት ቃል ናት፤ በሷ ምክንያት ስንት ጉባኤ ተጣልቷል። አንግሊካን ጳጳሳት ራሳቸው በ1978 ላምቤዝ በሚባለው የዓለም ጉባኤያቸው ላይ ብትቀር ብለው መክረዋል። በአዲሱ መጽሐፋቸው ውስጥ ከሌሎች ጋር ሲጸልዩ የሚሉት እሷ የሌለችበት ጽሑፍም አለ። በአሮጌው ግን አለች። ስለዚህ እዚያ ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ።

ከጎኔ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። እሳቸውም ለማሞቂያው ይመስለኛል። ጥሩ ድምፅ አላቸው፤ የድሮ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። ወራት ካለፈ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። እሳቸውም ዝም የሚሉበት ቦታ አላቸው። መጨረሻው ላይ ነው። «የሙታንንም መነሣት ተስፋ አደርጋለሁ» የሚለው ጋ። እስከዚያ ድረስ ይሉታል፣ እዚያ ሲደርስ ከንፈራቸው ይገጥማል፣ ዓይናቸው የግድግዳው እብነ በረድ ላይ ይሆናል፤ ከዚያ «አሜን»ን ከሁሉም ጋር ይላሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የጋብቻ ቀለበታቸው ሁለት ነው፤ አንዱ ትንሽ ስለሆነ በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ነው። አገሬ ቢሆን እጠይቅ ነበር፤ ባልጠይቅ ደግሞ ሌላ ሰው ይነግረኝ ነበር። እዚህ ግን ሁለታችንም አንድ አግዳሚ ላይ ቆመን፣ እኔ በዚያ እሳቸው በዚህ ስንቆም፣ ማንም ዞሮ አላየንም።

ባለፈው ወር ሻይ ላይ ጠየቁኝ።

«እዚያ መሐል ላይ ሁልጊዜ ታቋርጫለሽ። ለምንድን ነው?»

አስረዳኋቸው። ከአብ፣ ከወልድ፣ ማን ጨመረ፣ ለምን እኛ አንልም። በተሰበረ እንግሊዝኛ ነገረ መለኮት ማስተማር ከባድ ነው። ጸጥ ብለው ሰሙ።

«ይገርማል» አሉ። «እኔ እኮ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ነበር የሚመስለኝ። ሐኪም ጋ ሂጂ ልልሽ ነበር።»

በሚቀጥለው እሁድ ጸሎቱ ተጀመረ። ወንጌሉ ተነበበ፣ ተነሣን። የኔ ቦታ ሲደርስ አፌን ዘጋሁ። ከጎኔም ድምፅ ጠፋ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሽማግሌው መጽሐፋቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆመው እኔን ይጠብቃሉ። ስቀጥል አብረውኝ ቀጠሉ።

የሳቸው ቦታ ሲደርስ ግን እኔ ዝም አላልኩም። ጮክ ብዬ አልኩት።